ውሃው በር አገኘ

አምና ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ገና ባላባራበት ሰዓት፣ በአጎቴ ማሳ ግርጌ ቆሜ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በጅረቱ ዳር በሁለት ረድፍ የተከልነው ሳር በእኔ እርምጃ ሰማንያ ያህል ይረዝማል። ከዚህ ውስጥ በሰባ ስምንቱ እርምጃ ላይ ከሰማይ ከሚወርደው በቀር የሚያልፍ ውሃ አልነበረም። የማሳው ጎርፍ በሙሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ከቤት በር በማትሰፋ ክፍተት፣ ሳሩን ከነሥሩ ገንጥሎ ወደ ጅረቱ ይወረወር ነበር። መልኩ የጠላ ድፍድፍ ይመስላል። እኛ ደግሞ ሳሩን የተከልነው ይኸው ድፍድፍ ጅረቱ ውስጥ እንዳይገባ ብለን ነበር።

አጎቴ የማዳበሪያ ከረጢት ተከናንበው ከኋላዬ ቆመዋል። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ ውሃው በር አገኘ» ብቻ አሉኝና ወደ ቤት ገቡ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ለተማሪዎቼ የማጥለያ ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ በየዓመቱ አስተምራለሁ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ እፍረት ከሳሩ መነቀል ይልቅ የመጣው፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ሳይገባኝ እንደ ገባኝ ሰው ሆኜ ማስረዳቴ ትዝ ስላለኝ ነው።

ጅረቱ ክረምት ከበጋ የሚወርድ ትንሽ ውሃ ሲሆን መጨረሻው ቦርከና ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የከፍታቸው ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። በዶሮ መዝለያ በኩል በመኪና ወርዶ የሚያውቅ ሰው ውሃ በዚህ አገር ለምን እንደሚቸኩል ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ስለሚታጠብ አፈር በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠራው አባይን ነው፤ አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ቦርከና ግን ማደሪያ አለው። ከኮምቦልቻ በታች በጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለልና ኋላ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ አፈር ባዕድ አገር ሄዶ የሰው ሲሳይ ሆነ ብለን እንኳ መቆጨት አንችልም። ከአንዱ ጎረቤት ማሳ ተነሥቶ የሌላውን ጎረቤት የመስኖ ቦይ ይሞላል። ይህን ማሰብ የጀመርኩት ግን ከዚያ ሐምሌ በኋላ ነው።

ወንፊት

አጎቴ ከጅረቱ በላይ ያለውን ማሳ በብዛት የሚያርሱት ለጤፍ ነው። ጤፍ ጥቃቅን ዘር ስለሆነ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ የለሰለሰ አፈር ይፈልጋል። የሚዘራው ደግሞ ሐምሌ ውስጥ በመሆኑ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ማሳው ራቁቱን ነው፤ ሰማዩ ልጓሙን በሚፈታበት ሰዓት መሬቱ ዱቄት ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር በፈረንጆች 1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ፣ ከ113 ሄክታር ገደማ ተፋሰስ የሚወጣውን ውሃና አፈር ይለካ ነበር። ምርምሩን ይመሩ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ከታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህን ቁጥር ለአጎቴ ስነግራቸው ሄክታር የሚለው ቃል ብዙም ስላልከነከናቸው ወደ ጥማድ መለስኩላቸው። ጥማድ የሄክታር ሩብ ነው ብንል አሥር ቶን ተኩል ይሆናል፤ ይህም በየዓመቱ ሁለት አይሱዙ ሙሉ አፈር ከአንድ ጥማድ ተጭኖ እንደመሄድ ነው። አጎቴ ሳቁ። «ሁለት አይሱዙማ ቢመጣ አየው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያ ሁሉ አፈር በማሳው ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ከሦስት ተኩል ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እናም በጅረቱ ዳር ሳር እንትከል አልኩ። ደሾ የሚባለውን የመኖ ሳር ግንጣይ አገኘን፤ ሰኔ ውስጥ በሁለት ቅዳሜ ወንድሞቼን ይዤ፣ ጅረቱ እንደተጠማዘዘ እየተጠማዘዝን፣ በሁለት ረድፍ ተከልን። ያን ጊዜ ለአጎቴ «ሳሩ እንደ ወንፊት ሆኖ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል» ብዬ አስረዳሁ። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና፣ «ወንፊቱ ሲሞላስ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፤ መልስ ስላልነበረኝ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አንድ ወር ሳይሞላው ተፈታ።

ፈሰስ

አጎቴ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ውሃውን ወደ ኋላ ተከትዬ ሽቅብ ወጣሁ። ጫማዬ በጭቃ ከብዶ መራመድ ቢያስቸግረኝም ውሃው ከየት እንደተሰበሰበ ሳላይ መመለስ አልሆነልኝም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም?

ያገኘሁት ፈሰስ ነው። ፈሰስ ማለት ገበሬው ከዘራ በኋላ ማሳውን አግድም በሰያፍ አቋርጦ በማረሻ የሚያወጣው ትንሽ ቦይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሻገረው ኖሬያለሁ፤ ለምን እንደተሠራ ግን አስቤ አላውቅም። የአጎቴ ማሳ ሦስት ፈሰሶች አሉት። ሦስቱም ግርጌ ላይ ይገናኛሉ። ትልቁ ፈሰስ ደግሞ የሚጀምረው ከአጎቴ ማሳ ሳይሆን ከበላያቸው ካለው ከጎረቤታቸው ከሐጂ ማሳ ሲሆን፣ የሁለት ቤተሰብ ጎርፍ ይዞ ልክ ሳሩ በተገነጠለበት ቦታ ላይ ያበቃል።

እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ለረጅም ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ፈሰስ የስንፍና ሥራ አይደለም። ፈሰስ ባይኖር ውሃው በማሳው ላይ ይንሸራሸርና ገና ያልያዘውን የጤፍ ዘር ጠርጎ ይወስደዋል፤ በሜዳማው በኩል ደግሞ ይተኛና ቡቃያውን ቢጫ ያደርገዋል። የአጎቴ አባትም የእሳቸውም አባት ይህን ስለሚያውቁ ውሃውን በአንድ መንገድ ሰብስበው ቶሎ ከማሳ ማስወጣትን መረጡ። እኔ ግን የተከልኩት ውሃው በማሳው ስፋት ሁሉ ተዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ሳሩ እንደሚመጣ አድርጌ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በዚያ ማሳ ላይ ኖሮ አያውቅም። ማሳው በሙሉ ውሃን ወደ አንዲት ነጥብ ለማምጣት ተሠርቶ ሳለ፣ ሰማንያ እርምጃ ሳር ሰማንያ እርምጃ ውሃ ይጠብቅ ነበር።

ወንፊት ያልኩትም እዚያው ላይ ፈረሰብኝ። በሁለት የሳር ጉንጉን መካከል ያለው ክፍተት ጣት ያስገባል፤ የአፈሩ ቅንጣት ደግሞ አብዛኛው በዓይን አይታይም። ቅንጣቱ በሳሩ ክፍተት ተጠልፎ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ሳሩ የሚሠራው በዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ላይ የመኪና ፍሬን የሚሠራውን ሥራ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ግንድ ውሃውን ያዘገየዋል፤ የዘገየው ውሃ ከሳሩ ፊት ለፊት ያቁራል፤ በቆመው ውሃ ውስጥ አፈሩ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ ደለሉ በብዛት የሚቀረው ሳሩ ውስጥ ሳይሆን ከሳሩ በላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። ውሃው ጠልቆና ተሰብስቦ ከመጣ ግን ሳሩን አስተኝቶ በላዩ ላይ ያልፋል፤ የተኛ ሳር ደግሞ ፍሬን አይሆንም።

ሦስት ሃይላንድ

በማግስቱ እንደገና ዘነበ። ያን ቀን ሦስት ባዶ ሃይላንድ ይዤ ወረድኩ። አንዱን ከፈሰሱ፣ ሁለተኛውን ከተገነጠለው በር ሥር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከማሳው ጥግ ሞላሁ፤ በዚያ ጥግ ፈሰስ ስለማይደርስ ጥቂት ውሃ በሳሩ ውስጥ እየተጥመዘመዘ በዝግታ ያልፍ ነበር። ሦስቱንም በአጎቴ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ገና ሳላስቀምጠው ከታች የአሸዋ ንጣፍ ያዘ። ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ለመውረድ አሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የዚያ አምስተኛ እጅ የሆነው፣ በጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት የሚልመው አፈር ወደ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። የሸክላው ቅንጣት ግን፣ የአንድ ሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ እጅ የሆነው፣ ያንኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ስምንት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። ማታ ስተኛ የደፈረሰው ውሃ ጠዋት አቦል ሲቀዳም እንደደፈረሰ ነበር። ሁለተኛው ጠርሙስ፣ ማለትም በበሩ ያለፈው፣ ከመጀመሪያው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ሦስተኛው ከታች አሸዋ የለበትም፤ ከላይ ግን ያው ደፍርሷል።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። በፈሰስ ውስጥ ውሃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድና ጥልቀቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያ አሸዋ ምንም የሚያናውጠው ከሌለ መሬት ለመንካት ሦስት ሜትር ይበቃዋል። ሳሩ ፍጥነቱን ወደ አንድ አሥረኛ ቢያወርደው፣ ዱቄት መሰሉ አፈር ሰባት ሜትር ያህል ተጉዞ ይተኛል። ሸክላው ግን በዚያም ዝግታ ቢሆን ሰባት መቶ ሜትር ይፈልጋል። በየትኛውም ገበሬ ማሳ ላይ ሰባት መቶ ሜትር የሳር መቀነት አይኖርም። ሸክላው የሚቀርበት መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ በጓል ተጣብቆ እንደ ትልቅ ቅንጣት ሲመጣ፣ ወይ ደግሞ ውሃው ራሱ በሳሩ ሥር ወደ መሬት ሲሰርግ።

ይህ ስሌት ተስፋዬን ቢቀንሰውም ከወንፊቱ ተረት የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ሳሩ ጅረቱን ጠበል አያደርገውም። አሸዋውንና የዱቄቱን ከፊል ያስቀራል፤ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚሄደውን ፎስፈረስም አብሮ ያስቀራል፤ በውሃ ውስጥ የሟሟው የዩሪያ ናይትሮጅን ግን በሳሩ መካከል አልፎ ይሄዳል። ለማዳበሪያ የሚወጣውን ብር ለሚያውቅ ገበሬ የፎስፈረሱ ነገር ብቻውን ቀላል አይደለም።

በሐጂ ቤት

የፈሰሱን ነገር ከላይ ሳይነጋገሩ ከታች ማስተካከል እንደማይቻል ለአጎቴ ነገርኳቸው። እሁድ ዕለት አብረን ወደ ሐጂ ቤት ወጣን። ሐጂ በዕድሜ ከአጎቴ ይበልጣሉ፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱአ ተደርጎ፣ የሁሉም ሰው ጤንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ጎርፍ የሚነሣ ነገር አልነበረም።

ከዚያ አጎቴ፣ «ሐጂ፣ የእርስዎ ውሃ የእኔን ሳር ነቀለው» አሉ።

«ውሃ ወደ ታች ካልሄደ ወዴት ይሂድ?» አሉ ሐጂ፣ ፈገግ ብለው።

ለዚህ መልስ መስጠት ከባድ ነበር። እኔ የምጠይቀው ፈሰሱን በሁለት ቦታ ከፍለው፣ ግማሹን ከማሳው ጎን ወዳለው ሰርዶ ወደበቀለበት ጠፍ መሬት እንዲያስወጡ ነው። ሐጂም፣ «ልጄ፣ እኔ ቦዩን ባዞር የሚጠቀመው እሱ ነው፤ ድካሙ ግን የእኔ በሬ ነው» አሉኝ። አጎቴ በበኩላቸው፣ መሬት የሚያጡት እሳቸው መሆናቸውን አነሡ። የሳሩ መቀነት አምስት ሜትር ይስፋ ብንል፣ በጅረቱ ርዝመት ሲባዛ የአንድ ጥማድ ስምንተኛ እጅ ገደማ ይወስዳል። ጤፍ የሚበቅልበት ስምንተኛ እጅ ነው። የላይኛው ሰው አፈር በታችኛው ሰው መሬት ላይ እንዲቀመጥ፣ ታችኛው ሰው መሬቱን ይስጥ ማለት ነው። ስለ ሳር ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ስፋት፣ ስለ ተዳፋትና ስለ ሣር ዓይነት ነበር። ይህን ጥያቄ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እስኪያነሡት ድረስ አላሰብኩትም፤ አሁንም ቢሆን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል።

የተስማማነው በከብት መኖ ነው። ከመቀነቱ የሚታጨደውን ሳር ሁለቱ ቤተሰቦች እኩል ይወስዳሉ፤ በምላሹ ሐጂ ፈሰሳቸውን ይከፍላሉ፤ ጤፍ ከተነሣ በኋላም የሁለቱም ከብቶች ወደ ጅረቱ ዳር አይለቀቁም። የመጨረሻው ነገር ከሁሉም አስፈላጊ ነበር፤ አንድ ቀን የገባ መንጋ አንድ ክረምት የቆመውን ሳር ግጦና ረግጦ ይጨርሰዋል። ስፋቱን አጎቴ ሦስት ሜትር ብለው ቆረጡት። እኔ አምስት ፈልጌ ነበር፤ መሬቱ ግን የእኔ አይደለም።

ሥራውን ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጨረስነው። በፈሰሱ ጫፍ ድንጋይ ደረደርንና ውሃው እዚያ ጉልበቱን እንዲጥል አደረግን። ከዚያም ግራና ቀኝ የሚዘረጋ ጥልቀት የሌለው ቦይ ቆፈርን። የቦዩ ከንፈር ፍጹም እኩል መሆን ስለነበረበት፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ቀጭን ቱቦ ተውሰን ለካን፤ አንድ ቦታ ላይ አራት ጣት ዝቅ ቢል ሁለተኛ በር ይሆናልና። አምና በተገነጠለው ደካማ ቦታ ላይ ግንዱ ጠንካራ የሆነውን ቬቲቨር የሚባል ሳር አጠጋግተን፣ በሌላው ላይ ደሾ ተከልን። ከጅረቱ ከንፈር ላይ ደግሞ አኻያ ጨመርን፤ የሳር ሥር ብቻውን ሲናድ የሚያድረውን የጅረት ዳር ሊይዘው አይችልም። አጎቴ ባሕር ዛፍ ይሻላል ብለው ብዙ ተከራከሩኝ። ባሕር ዛፍ ብር ያመጣል፤ ከሥሩ ግን መሬቱ እርቃኑን ስለሚቀር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በመጨረሻ አራት ችግኝ ከቤቱ ጓሮ ተከሉና ሰላም ሆነ።

የዘንድሮ ነሐሴ

ዘንድሮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የመጣው ዝናብ ከአምናው የሚያንስ አልነበረም። በስልክ ስጠይቅ አጎቴ፣ «ነይና እይው» ከማለት በቀር አልነገሩኝም። ስደርስ ከሳሩ በላይ ያለው መሬት ቁርጭምጭሚት በሚደርስ አዲስ አፈር ተሸፍኗል፤ የላይኛው ረድፍ ሳር እስከ ወገቡ ተቀብሯል። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። የተከማቸው ደለል ራሱ እንደ ግድብ ስለሆነ፣ አዲሱ ውሃ በላዩ ከማለፍ ይልቅ ጎን ጎኑን እየተንሸራተተ ወደ ማሳው ጥግ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሌላ በር እየፈለገ ነው። የአጎቴ የአምና ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ወንፊቱ ሞልቷል።

አፈሩን መዛቅ ግድ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘን እንደጀመርን ሐጂ በዳገቱ አህያ እየነዱ ሲወርዱ አየናቸው። አህያዋ ላይ አራት ባዶ ከረጢት ተጭኗል።

«ምነው ሐጂ፣ በደህና?» አሉ አጎቴ።

«አፈሬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

አጎቴ አካፋውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ወላሂ ሲወርድ ዝም ብለው፣ ተኝቶ ሲያገኙት የእኔ ነው አሉ!»

«የእኔ ለመሆኑማ ምልክት አለው፤ ቀዩ የእኔ ነው፣ ጥቁሩ ያንተ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። በእርግጥም ደለሉ ቀይና ጥቁር እየተነባበረ ነበር የተኛው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ከታችኛው ማሳ፣ የበረታው ደግሞ ከላይኛው ያመጣው ይመስላል። መለየት ግን የሚቻል አልነበረም። ከብዙ ቀልድ በኋላ ሁለት ከረጢት ለላይ፣ ሁለት ከረጢት ለታች ተባለና አብረን ሞላን። አጎቴ የራሳቸውን ድርሻ ማሳው መሐል ውሃ ቦርቡሮት ወደነበረው ቦታ ወስደው ደፉት። ሐጂም የአህያዋን ጭነት አጥብቀው፣ ፈሰሱን ላለማፍረስ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ወደ ላይ ነዷት።